ስጦታ ወይስ ውል? የአሜሪካ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖችና የጥቁሮች የኢኮኖሚ እኩልነት

ፋውንዴሽን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን አንድ ባለጠጋ በስሙ ያቋቋመው ድርጅት ነው፡፡ በአሜሪካ ከተሞች ግን የብዙ ለጋሾችን ገንዘብ በአንድ ቋት አጠራቅሞ ለአካባቢው በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያከፋፍል ሌላ ዓይነት ተቋም አለ፡፡ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ይባላል፡፡ ከእኛ እድር ጋር የሚያመሳስለው ከብዙ ሰው ኪስ መሰብሰቡ ነው፡፡ የሚለየው ደግሞ የሚረዳው አባላቱን ሳይሆን ከተማውን በሙሉ መሆኑ፣ ገንዘቡም ኢንቨስት እየተደረገ ለትውልድ እንዲቆይ መታሰቡ ነው፡፡

የሙት እጅ

የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1914 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተቋቋመ፡፡ ሐሳቡን ያመነጩት የሕግ ባለሙያና የባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍሬድሪክ ጎፍ ናቸው፡፡ ጎፍን ያሳሰባቸው የሕግ ሰዎች «የሙት እጅ» የሚሉት ችግር ነበር፡፡ ሟች በኑዛዜው ገንዘቡን ለአንድ ጠባብ ዓላማ ያስራል፤ ዓላማው ጊዜው ካለፈበት በኋላም ገንዘቡ እንደታሰረ ይቀራል፡፡ የጎፍ መፍትሔ፣ ስጦታው ለከተማው ነዋሪዎች ኮሚቴ በአደራ እንዲሰጥና የተጣለበት ገደብ አላስፈላጊ ወይም የማይፈጸም ሲሆን እንዲለወጥ መፍቀድ ነበር፡፡ ቺካጎ፣ ቦስተንና ሚኒያፖሊስ በ1915 ተከተሉ፡፡

ገንዘቡን ማን ያዛል?

ፋውንዴሽኑ የሚያስተዳድራቸው ሒሳቦች አንድ ዓይነት አይደሉም፡፡ አንዳንዱን ቦርዱ እንደ ከተማው ችግር በነፃነት ያከፋፍለዋል፡፡ አንዳንዱ ለትምህርት ወይም ለጤና ተብሎ የተለየ ነው፡፡ አንዳንዱ ደግሞ ለጋሹ «ለእገሌ ድርጅት ይሰጥ» እያለ የሚመክርበት ነው፡፡ በዚህ በመጨረሻው ዓይነት ለጋሹ የታክስ ቅናሹን የሚያገኘው ገንዘቡን ባስገባበት ዓመት ሲሆን፣ ገንዘቡ መቼ ወጥቶ ለተረጂ እንደሚደርስ ግን የፌዴራል ሕግ ቀነ ገደብ አላስቀመጠም፡፡ የግል ፋውንዴሽኖች በአንፃሩ በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን እንዲያወጡ ይገደዳሉ፡፡

ዘር ለምን ተነሳ?

በ1930ዎቹ በመንግሥት ተቋም የተዘጋጁ ካርታዎች የጥቁሮችን ሠፈሮች በቀይ ቀለም «ለብድር አደገኛ» ብለው መደቡ፡፡ በቤት ሽያጭ፣ በኪራይና በብድር በዘር ማዳላት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው፡፡ ያ ትውልድ ያልገዛውን ቤት ልጆቹ አልወረሱም፡፡ የፌዴራል ሪዘርቭ የ2022 ጥናት እንደሚያሳየው የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን፣ የጥቁር ቤተሰብ ግን 44,900 ዶላር ነው፡፡ በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ብዙ ፋውንዴሽኖች በጥቁሮች ለሚመሩ ድርጅቶችና ንግዶች የተለየ ድጋፍ አወጁ፡፡

የ1866ቱ ሕግ

ሕጋዊው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ በአትላንታ የሚገኘው ፊርለስ ፈንድ ንግዳቸው የጥቁር ሴቶች ለሆኑ አመልካቾች 20,000 ዶላር የሚሰጥ ውድድር ነበረው፡፡ በ2023 ተከሰሰ፡፡ ክሱ የተመሠረተው በ1866 የሲቪል መብቶች ሕግ ላይ ነው፡፡ ይህ ሕግ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች እንደ ነጮች ውል መዋዋል እንዲችሉ የወጣ ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ነጮችንም እንደሚጠብቅ ወስኗል፡፡

ተከራካሪዎቹ የተለያዩበት አንዱ ነጥብ የሕግ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነው፤ ይህ ስጦታ ነው ወይስ ውል? ተወዳዳሪዎቹ ስማቸውና ምስላቸው ለማስታወቂያ እንዲውል ይስማሙ ስለነበር፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግንኙነቱ ውል ነው አለ፡፡ በጁን 2024 በ2 ለ1 ድምፅ ውድድሩ ሕጉን የሚጥስ ይመስላል በማለት በጊዜያዊነት አገደው፡፡ በሴፕቴምበር 2024 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ውድድሩም ተዘጋ፡፡

ጉዳዩ የእኛንም ሰዎች ይነካል፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ይኸው ሕግ በትውልድ ሐረግና በጎሣ የሚደረግ አድልዎንም እንደሚሸፍን ወስኗል፡፡ ስለዚህ በአሜሪካ የሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር «ለእኛ ልጆች ብቻ» የሚል የገንዘብ ድጋፍ ውድድር ሲያወጣ፣ የማመልከቻውን ቃል ለጠበቃ ቢያሳይ ይበጀዋል፡፡

ሌላው መንገድ

ዘርን መስፈርት ሳያደርጉ በዘር የመጣውን ጉዳት መድረስ ይቻላል፡፡ የክሊቭላንድ ፋውንዴሽን በትልልቅ ሆስፒታሎችና በዩኒቨርሲቲ ዙሪያ፣ በአብዛኛው ጥቁሮች በሚኖሩባቸው ድሃ ሠፈሮች፣ ኤቨርግሪን የተባሉ የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ በ2008 ረድቷል፡፡ በ2009 ሥራ የጀመረው የልብስ ንፅህና ድርጅት ሠራተኛው የድርጅቱ ባለቤት የሚሆንበት ነው፡፡ መነሻው ሠፈሩና ድህነቱ ነው፡፡

በእኔ አስተያየት ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም፡፡ ጉዳቱ በካርታ ላይ በዘር ተለይቶ የደረሰ ሆኖ ሳለ፣ ካሣው ዘርን ሊጠራ አይችልም ማለት ለፍትሕ ይከብዳል፡፡ ያም ሆኖ ፍርድ ቤቶች እስኪወስኑ ፋውንዴሽኖቹ የሚያሻሽሉት በእጃቸው ያለ ጉዳይ አለ፡፡ ጎፍ የፈሩት የሙታንን እጅ ነበር፡፡ ዛሬ የታክስ ቅናሹን ወስዶ ገንዘቡን ሳይለቅ የሚቆየው የሕያዋን እጅ ነው፡፡ ያን ለማስከፈት ደግሞ በየፋውንዴሽኑ የመውጫ ቀነ ገደብ የሚያስቀምጥ መመሪያ ቢወጣ ይበቃል፡፡