ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል? የሎተስ ሰቨን ትምህርት

ስለ መኪና ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?» የሚል ነው። «ስንት ኪሎ ትመዝናለች?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። የሎተስ ሰቨን ታሪክ ግን መቅደም ያለበት ሁለተኛው ጥያቄ መሆኑን ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንግሊዝ ውስጥ ነው። በወቅቱ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አዲስ መኪና ከባድ የግዢ ግብር ነበረበት። ዕቃው ተፈታትቶ ተሸጦ ገዢው ራሱ ከገጠመው ግን ከግብሩ ያመልጣል። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ይህችን ቀዳዳ ተጠቅሞ፣ ኪሱ ያልሞላ ወጣት በቤቱ የሚገጣጥማትን ሎተስ ሰቨንን ለገበያ አቀረበ።

አጽሟ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ የተበየደ፣ ሽፋኗ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ነበር። በር የላትም። ክብደቷ ግማሽ ቶን ገደማ ነበር። ሞተሯ ደግሞ ከተራ ፎርድ የተወሰደ፣ 40 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የነበረው ነው።

40 ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከእሷ እኩል ለመፈትለክ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። ትልቅ ሞተር ደግሞ ራሱ ይከብዳል፤ ጠንካራ ሻንሲ፣ ትልቅ ፍሬን፣ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል። እነዚህም በተራቸው ክብደት ይጨምራሉ። ጉልበት መጨመር የሚጠቅመው ለመፍጠን ብቻ ነው፤ ክብደት መቀነስ ግን ለመፍጠንም፣ ለመቆምም፣ ኩርባ ለመዞርም ይጠቅማል።

በ1973 ሎተስ መኪናዋን የመሥራት መብት ለካተርሃም ሸጠ። ካተርሃም በ2013 ሁለት ሰቨኖችን አቀረበ። አንደኛዋ 660 ሲሲ የሱዙኪ ሞተርና 80 የፈረስ ጉልበት ያላት ስትሆን፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላዋ 311 የፈረስ ጉልበት ይዛ ወደ 250 ትደርሳለች። ጉልበቱ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ፍጥነቱ ግን እጥፍ እንኳ አልሆነም።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ነፋሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጎማዋ ውጭ ለቀረ፣ መስታወቷ ቀጥ ብሎ ለቆመ መኪና ደግሞ ነፋሱ ይበረታል። ትልቁ ሞተር የሚሰጠው ትርፍ ከቆመበት ሲነሳ ነው፤ እሱም ጎማው አስፋልቱን መያዝ እስከቻለ ድረስ ብቻ።

ማቅለልም ወሰን አለው። የቻፕማን የእሽቅድምድም መኪናዎች ፈጣን ቢሆኑም በስስነታቸው ይወቀሱ ነበር። በ1970 ዮከን ሪንት በሎተስ መኪና ሞንዛ ላይ ሲለማመድ ሞተ፤ የአደጋው መነሻም የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበር እንደሆነ ተነገረ።

እንግዲህ ግማሽ ቶን ለምትመዝን የመንገድ መኪና ከ80 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለፍሬን፣ ለጎማና ለጠንካራ ብየዳ ቢውል ይሻላል። ሸክሙ ሲከብድ ፈረስ ከመጨመር በፊት ሸክሙን ማየት ይቀድማል።