ከአውድማ እስከ አእምሮ

በትግራይ፣ በሽሬ እንዳሥላሴ ዙሪያ ባለው የታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር፣ ሆዳቸው እየተነፋ የሚሞቱ ሰዎች በዙ። ነገሩ በ2005 እ.ኤ.አ. ለጤና ባለሥልጣናት ሲደርስ በሽታው ስም አልነበረውም፤ መዝገብ ላይም «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተብሎ ሰፈረ።

ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ጋር ሆነው ምክንያቱን ሲያስሱ ፍለጋው ከእርሻው ደረሰ። አጀራተም ኮኒዞይደስ የተባለው፣ ነጭና ሐመራዊ አበባ የሚያወጣ አረም ከእህል ጋር ይቀላቀላል። መርዙ የጉበትን ጥቃቅን ደም ሥሮች ይደፍናል፤ መውጫ ያጣው ደምም ሆድን በውኃ ይሞላል።

ጉበት ሲደክም ጣጣው ሆድ ላይ አያበቃም። አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ አሞኒያ ያመነጫሉ። ጤነኛ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል፤ የተጎዳው ግን ያሳልፈዋል፣ አሞኒያውም አንጎል ይገባል። በሽተኛው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ያፈጣል፤ የሚያውቀውን ሰው ስም ይስታል። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ፊት እንዲያቆም ሲጠየቅ አንጓው እየከዳው ይርገበገባል። የሚዘባርቅ ሰው ያየ ቤተሰብ ፀበል ቢወስደው ምን ይደንቃል? የአእምሮ መታወክ ከአንጀት ይነሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ሳይንሱም ራሱ ዘግይቶ ነው የደረሰበት። በ1893 ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበት ውስጥ ሳይገባ እንዲያልፍ በውሾች ላይ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ ተንገዳገዱ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ ራሳቸውን ሳቱ። በ1950ዎቹ ደግሞ ለንደን ላይ የጉበት ሐኪሟ ሺላ ሸርሎክና ባልደረቦቿ የአንጀት ባክቴሪያን የሚቀንስ አንቲባዮቲክ ሲሰጡ የደነዘዙ በሽተኞች ነቁ። መታወኩ ከአንጀት ይነሳል የሚለው ጥርጣሬ ማስረጃ ያገኘው ያኔ ነው። በ1966 ላክቱሎዝ የተባለው ጣፋጭ ሽሮፕ ተጨመረ፤ አንጀትን አሲዳማ አድርጎ አሞኒያውን በዓይነ ምድር ያስወጣል። የጉበት ሐኪም ዛሬም ስለ ሆድ ድርቀት አጥብቆ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መኖሩ ግን ለበሽተኛው ይደርሳል ማለት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ከመላው ትግራይ ሪፈር ይቀበላል። ከ2020 እስከ 2022 በዘለቀው ጦርነት ግን መሠረታዊ መድኃኒት እንኳ ጠፍቶበት ነበር። የጉበት ሕመምተኛ ደግሞ መድኃኒት ሲቋረጥበት ፋታ የለውም።

መድኃኒቱ ቢገኝም የሚመልሰው አእምሮን ነው፤ የተደፈነውን ደም ሥር አይከፍትም። ስለዚህ ለፀዓዳ እምባ ዋናው ሕክምና ከማሳው ይጀምራል፦ አረሙን ዘር ሳያፈራ መንቀል፣ የተወቃውን እህል ጎተራ ከመግባቱ በፊት አበጥሮ ማጥራት።