ፈቺ ያጣ ሕልም

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላሉ አበው። ፈቺው ደግ ከሆነ ቅዠቱ ሲሳይ ይሆናል፤ ክፉ ከሆነ ደግሞ መልካሙ ሕልም ራሱ መርዶ ይሆናል። ለመሆኑ ፈቺው ሞቶ ሕልሙ ብቻ ቢቀርስ? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ «የእብደት አንድ ገጽ» የተሰኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓን ውስጥ የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው።

አዘጋጁ ኪኑጋሳ ቴይኖሱኬ ቀድሞ ሴት ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ነበር። በድርሰቱ ከተሳተፉት አንዱ ካዋባታ ያሱናሪ ነው፤ ኋላ በ1968 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ደራሲ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና መጀመሪያ የገረመኝ የፊልሙ ወጪ ነው። መብራቶቹ ስምንት ብቻ ስለነበሩ ብርሃን እንዲንጸባረቅ ግድግዳውን ብርማ ቀለም ቀቡት ይባላል። መሪው ተዋናይ ኢኖኡዌ ማሳኦ ያለ ደመወዝ ሠራ። ሌሎቹም እዚያው ቀረጻው ቦታ እያደሩ በቅቡም በሸክሙም ያግዙ ነበር።

ታሪኩ ጭራቅም መንፈስም የለበትም፤ ነገር ግን ያስፈራል። አንድ አረጋዊ የቀድሞ መርከበኛ በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኖ ይሠራል። እዚያ የገባው በእርሱ በደል አእምሮዋን የሳተች ሚስቱ ከሕሙማኑ መካከል ስላለች ነው። ሴት ልጃቸው ልታገባ ነው፤ የእናቷ ሕመም ቢታወቅ ጋብቻው ይፈርስ ይሆን ብሎ ይሰጋል። በሌሊት ሚስቱን ሊያስመልጣት ቢሞክር እርሷ የውጭውን ጨለማ ፈርታ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ እውኑና ሕልሙ ይደበላለቃሉ። በመጨረሻ ጠራጊው ለሕሙማኑ የሚስቁ ጭምብሎች ሲያድላቸው ያልማል። ሁሉም ፈገግ ይላሉ፤ የሚስቀው ግን እንጨቱ ነው።

ካዋባታ ይህ ትዕይንት ሲከነክነው የኖረ ይመስለኛል። በ1929 ባወጣው «የማይስቀው ሰው» በተባለ አጭር ልቦለድ፣ አንድ የፊልም ደራሲ የሚስቅ ጭምብል ይዞ ሆስፒታል የተኛች ሚስቱን ይጠይቃል። ሚስቲቱ አጥልቃው ስታወልቀው፣ ጭምብሉ ካማረው ይልቅ የእርሷ ፊት ከስቶና ጠውልጎ ይታየዋል። ደንግጦ የጭምብሉ ትዕይንት ይቅር የሚል ቴሌግራም ሊልክ ያስባል፤ ኋላ ግን ወረቀቱን ቦጫጭቆ ይጥለዋል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ታማ በተኛች ሰሞን ጤናና ጸደይ የሞላበት ግጥም ጽፌ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ ይህን የጻፍከው ለእኔ ነው ለራስህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

በዚያ ዘመን የጃፓን ፊልም ያለ ቤንሺ አይታይም ነበር። ቤንሺ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ሥዕሉን በድምፁ የሚተርክ፣ የተዋናዩን ቃል የሚናገር ባለሙያ ነው። «የእብደት አንድ ገጽ» በመካከሉ የሚነበብ ጽሑፍ የለውምና ሕልሙን ለተመልካቹ የሚፈታው እርሱ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም በ1930ዎቹ ሲስፋፋ የቤንሺዎቹ ሙያ ከሰመ። ፊልሙም ጠፋ ተባለ። በ1971 ግን ኪኑጋሳ ራሱ ከገዛ ቤቱ የዕቃ ማከማቻ ውስጥ አገኘው፤ ሙዚቃ አክሎም ዳግም ለእይታ አበቃው።

ሥዕሉ ተገኘ፤ የተራኪው ድምፅ ግን አልተገኘም። እኛ የምናየው ፈቺ ያጣውን ሕልም ነው። በመጀመሪያ ይህ ጉዳት መሰለኝ፤ ደጋግሜ ሳየው ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። የቤንሺው ድምፅም ለካ አንድ ዓይነት ጭምብል ነበር፤ «አትፍሩ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» የሚል። ዘመን ጭምብሉን አወለቀው፤ የቀረው ባዶ ፊት አስፈሪ ነው፤ ግን ሰው ነው።

ያን ግጥሜን እስካሁን አልቀደድኩትም። ለእናቴ ግን ዳግመኛ አላነበብኩላትም፤ አጠገቧ ተቀምጬ ፊቷን ዝም ብዬ ማየት ተማርኩ።