የይለፍ ቃል

ከአሶሳ በወለጋ ዞሬ፣ በየኬላው መታወቂያ እያሳየሁ ካማሺ የገባሁ ለታ ነው። አንዲት ሱቅ ደጃፍ ሻይ ስጠጣ አንድ አዛውንት ልጃቸው የላከላቸውን ብር ሊያወጡ መጥተው ስልካቸውን ለባለሱቁ ሰጡት።

«ምስጢር ቁጥሩስ አባባ?»

«ከጀርባው ተለጥፏል፤ አንተው አንብበው።»

ልስቅ አልኩና አፍሬ ተውኩት። የኔም የይለፍ ቃሎች በማስታወሻ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ተደርድረዋል።

ነገሩ ከወታደር ሰፈር የመጣ ነው። ዘቡ «ማነህ?» ይላል፤ ቃሉን ያወቀ ይለፍ ይባላል። ግን ያ ወታደር የሚይዘው አንድ ቃል ነበር፤ ያውም ለአንድ ሌሊት። እኛ ስንቱን፣ ለስንት ዓመት!

ኮምፒዩተር ላይ የይለፍ ቃልን ያመጣው የኤምአይቲው ፈርናንዶ ኮርባቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ብዙ ሰው አንድ ማሽን ሲጋራ የየሰዉን ፋይል ለመለየት። ብዙም አልቆየ፤ በ1962 አለን ሸር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ቢል የሁሉንም የይለፍ ቃል በወረቀት አትሞ ወሰደ።

በ2003 ደግሞ ቢል በር የተባለ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ባለሙያ ደንብ ጻፈ፦ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቀል፤ ቃሉም በየጊዜው ይቀየር። ሰዉ ምን አደረገ? በድሮው ቃል መጨረሻ 1 ጨመረ፤ ሲቀየር 2 አደረገው። በ2017 ሰውዬው መጸጸቱን ተናገረ። ተቋሙም በዚያው ዓመት ደንቡን ለወጠ፦ ቃሉ ይርዘም፤ የመሰረቅ ምልክት ከሌለ ቀይሩ ብላችሁ አታስጨንቁ።

የከበደ ቁልፍ በር ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ የታሪኩ ፍሬ ይኸው ነው። በገጠራችን የቁጠባ ማኅበራት ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሰው ይይዘዋል። ማንም ብቻውን አይከፍተውም። አያስቸግርም ወይ? አያስቸግርም፤ ሳጥኑ የሚከፈተው አባላቱ በተሰበሰቡበት ቀን ነውና። ቁልፉ የተሠራው በሰዎቹ ኑሮ ልክ ነው።

አዛውንቱን ጠየቅኋቸው፦ «ቁጥሩን ማን መረጠልዎ?»

«ስልኩን ያወጣልኝ ልጅ።»

ታዲያ የሰው ቁጥር እንዴት በልባቸው ይቀመጥ? «የትውልድ ዘመንዎን ይተዉና እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን፣ የማይረሱትን ይምረጡ» አልኳቸው። መቀየሪያውን አሳይቻቸው ፊቴን አዞርኩ። ቀስ ብለው አንድ በአንድ ነኩት። ሲጨርሱ ወረቀቱን ከስልኩ ጀርባ ልጠው ኪሳቸው ከተቱት።

ምን እንደመረጡ አልጠየቅሁም።