የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ

የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ በጋራዥ አጠራሩ ኩላንት፣ በሞተር ውስጥ እየተዘዋወረ ከቃጠሎ የሚመጣውን ሙቀት ወስዶ በራዲያተር በኩል ወደ አየር የሚያስወግድ ቅይጥ ነው። ውሃ፣ ግላይኮልና ጸረ ዝገት ንጥረ ነገሮች ይገኙበታል። ሙቀቱን በዋናነት የሚሸከመው ውሃው ነው፤ ግላይኮሉ ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላና በብርድ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ጸረ ዝገቱ የሞተሩን ብረቶች ይጠብቃል። ከሦስቱ ቀድሞ የሚዳከመው ጸረ ዝገቱ ስለሆነ ፈሳሹ ሳይጎድልና መልኩ ሳይለወጥ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። በየጊዜው መለወጥና ሥርዓቱን ማጠብ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማቀዝቀዣው ሥርዓት አሠራር

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይገባል። የውሃ ፓምፑ ፈሳሹን በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው ውስጥ ባሉ መተላለፊያዎች ይገፋል። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲደርስ በውስጡ ያለው ሰም ቀልጦ ስለሚለጠጥ በሩ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ፈሳሹ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስና ፋን ያቀዘቅዙታል። የዛሬው ራዲያተር ቅርጽ መነሻ ቪልሄልም ማይባክ እ.ኤ.አ. በ1901 ለቀረበው የመርሴዲስ መኪና የነደፈው የማር እንጀራ መሰል ራዲያተር ነው።

የራዲያተር ክዳን ከመክደኛነት ያለፈ ሥራ አለው። በብዙ መኪኖች ከ0.9 እስከ 1.1 ባር የሚደርስ ተጨማሪ ግፊት ይዞ የፈሳሹን የመፍያ ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ይህ በደጋ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ክዳን በሌለው ዕቃ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ይህ ደግሞ ሞተር በተለምዶ ከሚሠራበት ሙቀት አይርቅም። ጤናማ ክዳን የዚያኑ ውሃ መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ግላይኮል ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይህን ጥቅም ያሳጣል። ጉዳቱ በተለይ የሚታየው ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ነው፤ ከአባይ ሸለቆ ግርጌ ወደ ጎሐ ጽዮን ወይም ወደ ደጀን የሚያወጣው መንገድ ለዚህ ምሳሌ ነው።

ግላይኮልና ውሃ

ቀደም ባለው ዘመን ብርድን ለመከላከል ወደ ራዲያተር አልኮል ይጨመር ነበር፤ አልኮል ግን በቶሎ ስለሚተን ዘወትር መሙላት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 ፕሬስቶን የተባለው ምርት ለአሜሪካ ገበያ ከቀረበ በኋላ ኤቲሊን ግላይኮል ቦታውን እየያዘ መጣ። ግላይኮልና ውሃ እኩል ሲቀላቀሉ ቅይጡ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ ያለ ግፊትም የሚፈላው 107 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ግላይኮል በበዛ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል ማለት ግን አይደለም። ንጹሕ ኤቲሊን ግላይኮል 13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ላይ ይረጋል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ከውሃ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ የግላይኮሉ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 በመቶ ይሆናል። ውርጭ በማይበረታበት አገርም ጸረ ዝገቱ የሚመጣው ከግላይኮሉ ጋር ስለሆነ ድርሻውን ከዚህ ማሳነስ አይመከርም።

የሚቀላቀለው ውሃ ከማዕድን የጸዳ ዲስቲልድ ውሃ መሆን አለበት። በጉድጓድና በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉ ካልሲየምና ማግኒዚየም በትኩሱ ብረት ላይ እንደ ጀበና ዝቃጭ ተጋግረው ሙቀት እንዳይወጣ ያደርጋሉ፤ ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለበት ዲስቲልድ ውሃን አይተካም።

የኩላንት ዓይነቶች

ኩላንቶች በዋናነት የሚለያዩት በጸረ ዝገታቸው ነው። አይኤቲ የሚባለው ነባር ዓይነት ሲሊኬትና ፎስፌትን በመሳሰሉ ጨዎች የብረቱን ገጽ በስስ ሽፋን ይለብጣል። ሽፋኑን ፈጥኖ ይሠራል፤ ግን ጨዎቹ ቶሎ ስለሚያልቁ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይለወጣል። ኦኤቲ የሚባለው በኦርጋኒክ አሲዶች የተሠራ ሲሆን በዋናነት ዝገት በሚጀምርበት ቦታ ስለሚሠራ በዝግታ ያልቃል፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ድብልቁ ዓይነት ኦርጋኒክ አሲዶችን ከጥቂት ሲሊኬት ወይም ፎስፌት ጋር ያጣምራል። የአውሮፓ አምራቾች በአብዛኛው ከፎስፌት ይርቃሉ፤ ማዕድን ከበዛበት ውሃ ጋር ዝቃጭ ይፈጥራልና። የጃፓን አምራቾች ደግሞ የውሃ ፓምፕ ማሸጊያን ያደክማል በሚል ሲሊኬትን ትተው ፎስፌት ያለበትን ይመርጣሉ።

በከባድ የናፍጣ መኪኖች ሌላ ችግር አለ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ውጫዊ ገጽ በቀጥታ ፈሳሹን በሚነካባቸው ሞተሮች ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ጥቃቅን አረፋዎች እየተፈጠሩ ይፈነዳሉ፤ ከጊዜ በኋላም ብረቱን ይቦረቡሩታል። ለእነዚህ የሚመረተው ኩላንት ይህን የሚከላከል ተጨማሪ ንጥረ ነገር ይኖረዋል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ባትሪው በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ በደካማው የሚያስተላልፍ ልዩ ኩላንት ይጠይቃሉ።

አመራረጥ

ቀለም የኩላንት መለያ አይደለም። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሮዙና ሰማያዊው አምራቾች የሚጨምሩት ማቅለሚያ ነው፤ ሁሉንም የሚያስገድድ የቀለም ስምምነት የለም። ትክክለኛው መመሪያ በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ሲሆን በጠርሙሱ ላይም ያው መጠቀስ አለበት። ለምሳሌ ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ የሚጠቀምበት ሱፐር ሎንግ ላይፍ ኩላንት ለመጀመሪያ ጊዜ በ160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በየ80,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ይመከራል፤ በውሃ ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ ሌላ ውሃ አይጨመርበትም። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲደባለቁ ጸረ ዝገታቸው ይዳከማል፤ አንዳንዴም ረግቶ የራዲያተሩን ቱቦ የሚዘጋ ዝቃጭ ይፈጠራል። በመኪናው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ አጥቦ አዲስ መሙላት ይሻላል።

የማጠብ ሂደት

ፈሳሹ ቡናማ ከሆነ፣ ዝገት ወይም ዝቃጭ ከታየበት ወይም ጊዜው ካለፈ ይለወጣል። የግላይኮሉ ድርሻ በሪፍራክቶሜትር ይለካል፤ የጸረ ዝገቱን አቅም ግን ይህ መሣሪያ ስለማያሳይ የመመርመሪያ ወረቀት ያስፈልጋል። ዘይት ከተገኘበት ወይም ያለ ግልጽ ፍሳሽ ከጎደለ የቴስታታ ጋርኒሲዮን መበላሸት ስለሚጠረጠር ከመታጠቡ በፊት ጥገናው ይቀድማል።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በትኩስ ሞተር ላይ ክዳን ሲከፈት በግፊት የተያዘው ፈሳሽ ድንገት ፈልቶ ስለሚፈናጠር ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። የውስጥ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ሙቀት ይከፈታል፤ ከራዲያተሩ ግርጌ፣ ካለም ከብሎኩ፣ የማፍሰሻ ቡሎን ተፈቶ ፈሳሹ በሰፊ ዕቃ ይጠራቀማል። የፕላስቲክ ማጠራቀሚያውም ይጸዳል። ከዚያ ሥርዓቱ በውሃ ተሞልቶ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይሠራል፤ የላይኛው የራዲያተር ጎማ መሞቅ መከፈቱን ያመለክታል። ሞተሩ እንደገና ቀዝቅዞ ውሃው ይፈሳል፤ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ይደገማል፤ የመጨረሻው ዙር በዲስቲልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። ኬሚካል ማጽጃ የሚጨመረው ዝቃጭ ሲኖር ብቻ ነው፤ የተጋገረ ዝገት ተነቅሎ የቀጫጭን ቱቦዎችን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላልና።

በመሙላት ጊዜ ብዙ የሚዘነጋው በብሎኩና በማሞቂያው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። 8 ሊትር በሚይዝ ሥርዓት ውስጥ 3 ሊትር ቢቀርና በባዶው ቦታ 5 ሊትር ከውሃ ጋር እኩል የተቀላቀለ ኩላንት ቢሞላ የግላይኮሉ ድርሻ 31 በመቶ ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ የጠቅላላውን ግማሽ፣ ማለትም 4 ሊትር ያልተቀላቀለ ኩላንት፣ አስቀድሞ ሞልቶ ቀሪውን 1 ሊትር በዲስቲልድ ውሃ ማሟላት ነው። ከሞላ በኋላ አየር እንዲወጣ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ይሠራል፤ የአየር ማስወጫ ቡሎን ያላቸው ሞተሮች በእሱ ይተነፍሳሉ። የታመቀ አየር ፈሳሹ እንዳይዘዋወር አግዶ ቴስታታን ሊያጎብጥ ይችላል። ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ልኩ በቀዝቃዛ ሞተር ይታያል፤ ከማጠራቀሚያው የላይኛውና የታችኛው ምልክት መካከል መሆን አለበት።

መርዛማነትና አወጋገድ

ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው። ለአዋቂ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ለሞት ይበቃል፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ተለውጦ ኩላሊትን ይጎዳል። የጠጣ ሰው ምልክት እስኪታይበት ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። አሮጌ ኩላንት በመሬት ላይ፣ በቱቦ ወይም በወንዝ ውስጥ አይደፋም፤ በመጠጥ ጠርሙስም አይቀመጥም። ምልክት በተጻፈበት ክዳን ባለው ጀሪካን ተይዞ፣ ሕፃናትና እንስሳት ከማይደርሱበት ቦታ ሆኖ አደገኛ ቆሻሻን ለሚረከብ አካል ይሰጣል። ፕሮፒሊን ግላይኮል መርዛማነቱ በጣም ያነሰ አማራጭ ቢሆንም፣ ያገለገለው ፈሳሽ ከሞተሩ የታጠቡ ብረቶችን ስለሚይዝ አወጋገዱ ያው ጥንቃቄ ይጠይቃል።