ለትምህርት ነው ወይስ ለሥራ?

የዚህ ታሪክ ባለቤት ስሙ ይቅር። ሪያድ ሰባት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ትያዝ እንጂ ለሐበሻ ጠባብ ሰፈር ናት፤ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብነግራችሁ ሳይመሽ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር መንፉሓ ይደርስና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ማንነቱ ይታወቃል። ስለዚህ እኔም ቢሮ ውስጥ በዓረብኛ አለቃ ለማለት እንደሚጠሩት ሙዲሩ እያልኩ ልተርክላችሁ። ዓመታቱን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሙዲሩ ደሴ ተወልዶ፣ ስድስት ኪሎ ሒሳብ አያያዝ ተምሮ፣ ጥቂት ጊዜ ባንክ ቤት ሠርቶ ነው ባሕር የተሻገረው። ዛሬ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ደመወዙ ደህና ነው፣ መኪናው የድርጅቱ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ በየጊዜው ይታደሳል። ታዲያ ይህ ሰው ጸጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ምን ጎድሎበት ነው ተማሪ ልሁን ያለው?

ሲጠየቅ ለየሰዉ የተለያየ መልስ አለው። ለአለቃው «ለድርጅቱ ይጠቅማል» ይላል። ለእናቱ በስልክ «ዶክተር ልሆንልሽ ነው እኮ እማዬ»። ለእኔ ግን አንድ ቀን ባትሓ ገበያ ስንዞር እውነቱን አወጣው፤ ፈርቶ ነው። በ2011 የመጣው ኒጣቃት የሚሉት ደንብ ኩባንያዎችን በሚቀጥሯቸው ሳዑዲዎች ብዛት በቀለም እየመደበ የውጭ ሰው ወንበር እንዲሳሳ አደረገ። በሐምሌ 2017 ደግሞ የውጭ ሠራተኛ ለሚስቱና ለልጆቹ በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደነገገ፤ በየዓመቱ መቶ መቶ እየተጨመረ በ2020 400 ገባ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላለው ሙዲር በወር 1,600 ሪያል መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ከ2024 መባቻ ጀምሮ የአካባቢ ዋና መሥሪያ ቤቱን ሳዑዲ ያላደረገ የውጭ ኩባንያ የመንግሥት ኮንትራት እንዳያገኝ ሲወሰን፣ በንጉሥ አብዱላህ የፋይናንስ መንደር መስታወት ሕንፃዎች ውስጥ አዳዲስ ሰዎች፣ አዳዲስ ዲግሪዎች ሞሉ። ኤምቢኤ እንደ መንጃ ፈቃድ ሁሉም ኪስ ውስጥ ገባ። ሙዲሩም ከዚያ በላይ ያለውን አማተረ።

ከዚያ በላይ ያለው ዲቢኤ ነው፤ በንግድ ሥራ አመራር የሚሰጥ የሙያ ዶክትሬት። ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ታሪክ አለው። ሃርቫርድ በ1908 የንግድ ትምህርት ቤቱን ከፍቶ ኤምቢኤን ለዓለም ካስተዋወቀ በኋላ በ1922 ዲቢኤን ጀመረ። ያን ጊዜ ግን ዲግሪው መምህርና ተመራማሪ ማፍሪያ ነበር። ሥራውን ሳይለቅ የሚማር የሥራ ኃላፊን ያሰበው ዓይነት ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው የተስፋፋው፤ ክሊቭላንድ ያለው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ከጀመሩት ቀደምቶች አንዱ ነው፣ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው ሰሞን ገቡበት። የሚገርመው፣ ስሙን ያወጣው ሃርቫርድ ራሱ በ2018 ዲቢኤውን ትቶ ፒኤችዲ ብሎታል።

ለእኛ አገር ሰው ግን ሥልጣን ላይ ተቀምጦ መማር ብርቅ አይደለም። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ለኢትዮጵያ ሹማምንት በርቀት ኤምቢኤ ያስተምር ነበር፤ መለስ ዜናዊ ዲግሪያቸውን በ1995 የተቀበሉት ከዚያ ነው። አገር እየመሩ የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በ2004 ደግሞ ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ ጨመሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ከ2011 እስከ 2022 የመሩት ተወልደ ገብረማርያምም ኤምቢኤያቸው የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሙዲሩ ይህን ሁሉ ቆጥሮ ሚስቱን ሊያግባባ ሞከረ። እሷ ምን አለችው?

«እነሱ ጸሐፊም ሹፌርም ነበራቸው። አንተ ያለኸው እኔ ነኝ።»

ፈቀደች ግን። አርብን ለመጽሐፍ ሰጠችው፣ ቅዳሜን ለልጆች አስቀረች።

ትምህርት ቤት መምረጡም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ዶክተር ነኝ ያለን ሰው «ከየት?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ አይፈረድባቸውም። በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ አክዛክት የተባለው የካራቺ ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ሲቸረችር እንደኖረ አጋልጧል፤ ከገዢዎቹ መካከል የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪዎችም ነበሩበት። እዚያው ሳዑዲ የሹራ ምክር ቤት አባል የነበሩት ሙዋፊቅ አል ሩወይሊ «ሀለኩኒ» በሚል ሃሽታግ ትዊተር ላይ የሐሰት ዶክትሬት ዘመቻ ከፍተው ስንቱን ባለማዕረግ እንቅልፍ ነሥተዋል። ሙዲሩ ይህን ስለሚያውቅ የትምህርት ቤቶቹን ማስታወቂያ ወደ ጎን ብሎ ዕውቅና የሰጣቸውን ተቋም ፈለገ፦ የአሜሪካው ኤኤሲኤስቢ፣ የአውሮፓው ኢኲስ፣ የእንግሊዙ አምባ። የሳዑዲ ትምህርት ሚኒስቴር ለውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ሲሰጥ ተማሪው በአካል የት ተገኝቶ እንደተማረ አጥብቆ እንደሚጠይቅም አጣራ። በመጨረሻ ሴሚናሩን ዱባይ ላይ የሚሰጥ አንድ የብሪታንያ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከሪያድ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም።

እንግዲህ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ዲቢኤ ከፒኤችዲ የሚለየው በመነሻው ነው። ፒኤችዲው መጻሕፍቱ ውስጥ ያለውን ክፍተት ሲፈልግ፣ ዲቢኤው ተማሪው ቢሮ ውስጥ ካለው ችግር ይነሳል፤ ከዚያ ግን በቢሮ ወሬ ሳይሆን በምርምር ወግ ይመረመራል። የሙዲሩ ችግር ዝግጁ ነበር፦ ሙስተኽለስ። ተቋራጭ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ያህል ሠርተናልና ይህን ያህል ይከፈለን የሚለው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሳይት ተነሥቶ ገንዘብ ሆኖ እስኪመለስ ሰው ይሸብታል። መዘዙ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከ2014 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የመንግሥት ክፍያ ሲጓተት ሳዑዲ ኦጀርን የሚያህል ግዙፍ ተቋራጭ በ2017 ተዘግቷል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛም ደመወዙን ሳያገኝ ቀርቷል።

ሙዲሩ መጀመሪያ ሴሚናር ላይ ተነሥቶ «ክፍያ የሚዘገየው ሥራውን የሰጠን አሠሪ ስለሚያዘገየው ነው፣ እሱን ላጠና ነው» አለ። መምህርቷ ሰምታ ስታበቃ፣ «መልሱን ካወቅኸው ለምን ትመረምረዋለህ?» አለችው። ሃያ ዓመት ሰው እየጠየቀ የኖረ ሙዲር፣ የሚጠይቀው አጥቶ ተቀመጠ። እኔ እንደ ታዛቢ ስናገር፣ የዚህ ትምህርት ፈተና ክፍያውም ጊዜውም አይመስለኝም። አዛዥ ሆኖ የኖረ ሰው፣ የማያውቀውን ነገር ከሚያዛቸው ሰዎች አፍ ለመስማት መቀመጡ ነው።

ተቀመጠ። ጥያቄውን ወደ ራሱ ድርጅት አዞረው፦ ወረቀቱ ከእጃችን ሳይወጣ የት የት ይውላል? ከአለቃው የጽሑፍ ፈቃድ አወጣ። የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ በመስከረም 2023 ሥራ ላይ ስለዋለ የሰዎቹ ስም እንዳይወጣ አድርጎ የስምምነት ቅጽ አዘጋጀ፤ «በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚል መስመርም ጨመረበት። ከዚያ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ቢሮው እየጠራ፣ መቅረጫ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጠየቀ።

ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ሁሉ ነገር ማሻ አላህ ነው። ፋይናንስ ክፍል ፈጣን ነው፣ ሙዲሩ ቅን ነው፣ ችግሩ አሠሪው ነው። ሙዲሩ ደስ ብሎት ጽፎ ላከ። የጥናቱ አማካሪ በኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው መለሱለት፦ «ደመወዛቸውን የሚፈርመው ማን ነው?»

ያን ሰሞን ተናዶ አየሁት። «ልተወው እንዴ?» አለኝ። ሚስቱ ሰምታ ነበር፤ «አርቦቼን መልስልኝና ተው» አለችው። አልተወም።

ፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ የሒሳብ ሠራተኛ አለ። ሙዲሩ አጎቴ እንደማለት «ዓሚ» ይለዋል፣ ሽማግሌውም በሰው ፊት ከ«ሙዲር» ሌላ ጠርቶት አያውቅም። ቃለ መጠይቅ ተብሎ ሲጠራ ገባ፣ ቅጹን በመነጽሩ ሥር አነበበ፣ አልፈረመም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፣ መቅረጫውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ለትምህርትህ ነው ወይስ ለሥራህ?»

«ለትምህርቴ ነው፣ ዓሚ።»

«ለትምህርትህ ከሆነ እነግርሃለሁ። ለሥራህ ከሆነ ግን ሁሉ ነገር ደህና ነው።»

ከዚያ አንድ የቆየ ሙስተኽለስ ከመዝገብ ቤት አስመጣ። ወረቀቱን ሙዲሩ አሳይቶኛል፣ የድርጅቱን ስም በጣቱ ሸፍኖ። ከታች ፊርማዎቹ በረድፍ ናቸው፤ የሳይት መሐንዲሱ፣ ሥራውን የለካው ኳንቲቲ ሰርቬየር፣ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ፣ እያንዳንዱ ከነቀኑ። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርሰዋል። ቀጥሎ ሰማያዊው የፋይናንስ ማኅተም፣ በላዩ ላይ የሙዲሩ የራሱ ፊርማ፣ ረጅም ጭራ ያለው። ቀኑ ከፊተኛው ፊርማ ሃያ ስድስት ቀን ይርቃል። አሠሪው ጋ ገና አልደረሰም እኮ!

ሙዲሩ ከዚያ ወዲያ ቃለ መጠይቁን ቀነሰና ወረቀት ማሳደድ ያዘ። ሙስተኽለሶቹን እየሰበሰበ የየፊርማውን ቀን በሠንጠረዥ አሰፈረ። አርብ አርብ ከተማው ጭር ሲል፣ በታኅሣሥ 2024 ሜትሮው ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አንዳንዴ ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቀን ይቆጥራል። ምዕራፍ አምስት ተጻፈ፤ አማካሪው ወደዱት። በጥናት የተሳተፉ ሰዎች ረቂቁን አንብበው እርማት እንዲሰጡ ማድረግ የምርምሩ ወግ ስለሆነ፣ ሠንጠረዡን ወደ ዓረብኛ አስተርጉሞ ለዓሚ ሰጠው።

ሽማግሌው በቀይ እስክሪብቶ መለሰው።

«ልጄ፣ ቀኑን የቆጠርክበት ልክ አይደለም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳምንት ሰጥተሃል። ሳይት ቅዳሜ ይሠራል፣ እኛ አንሠራም።»

ከሰኔ 2013 ጀምሮ የአገሩ የዕረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ሆኗል፤ ተቋራጭ ቤት ግን ሳይት ቅዳሜም ይገባል። ሙዲሩ ይህን ያውቃል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን አላስገባውም። ዓሚ በዚህም አላበቃ።

«ደግሞ ወረቀቱ እኛ ጋ የሚደርሰው በምን ቀን እንደሆነ አይተሃል? ሐሙስ ከሰዓት። የሳይት ሰዎች የሳምንቱን ሥራ ዘግተው ይልካሉ፣ እኛ መብራት አጥፍተን እየወጣን ነው። እሑድ ስንመለስ ከሌላ ክምር ሥር ገብቷል።»

ሙዲሩ የወረቀት መቀበያ መዝገቡን አስወጥቶ አየ። ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። በራሱ ፊርማ ያሳበበው መዘግየት ግማሹ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው ግማሽ ግን አሁንም የእሱ ነው። አማካሪው ምዕራፉ እንደገና ይጻፍ አሉ፣ መመረቂያውም ወደሚቀጥለው ዓመት ተዛወረ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ የዓሚን ስልክ ቁጥር ጠየቀች። ከመጀመሪያው እሱ ቢያነበው ኖሮ አንድ ዓመት አርብ ይተርፈን ነበር ባይ ናት።