የዶልፊን ዘመድ በቆላው ወንዝ

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ዓሣ ነባሪዎችን ትተን፣ ዛሬ ምድር ላይ ካሉት እንስሳት ለዶልፊን በሥጋ ዝምድና በጣም የሚቀርበው የትኛው ይመስላችኋል?

ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሻርክ» ነው። ሻርክ ግን ዓሣ ነው፤ ዶልፊን እንደ እኛ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። «የባሕር አንበሳ» የሚሉም አሉ። እሱ ደግሞ ለድብና ለውሻ ነው የሚቀርበው። መልሱ ጉማሬ ነው። አዎ፣ ያ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰው ወፍራም እንስሳ!

ዶልፊን ለማየት ቀይ ባሕር ድረስ መውረድ ያስፈልጋል። የዘመዱ ታሪክ ግን በሳንጃና በመተማ በኩል ያልፋል።

መጀመሪያ ወንዞቹን እንወቅ። ጓንግ ከጭልጋ አካባቢ ተነስቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይገባል፤ እዚያ ስሙ አትባራ ይሆናል። ሳንጃ ያለችበት የታች አርማጭሆ ውሃ ወደ አንገረብ ይወርዳል፣ አንገረብም ወደ አትባራ። (ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ ግድብ የተሠራበት አንገረብ ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ጣና ነው የሚሄደው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) ተከዜም ሰቲት ተብሎ እዚያው አትባራ ላይ ይገናኛቸዋል። ሽንፋ ብቻ በሌላ መንገድ ሄዶ፣ ራሃድ የሚል ስም ይዞ፣ ዓባይ ውስጥ ይገባል።

የቆላ ወንዝ ጠባዩ ይታወቃል። ክረምት ላይ ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል፤ በበጋ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዓሣውም፣ አዞውም፣ ከብቱም፣ ሰውም የሚኖረው በእነዚህ ኩሬዎች ነው። የዛሬው ታሪካችን በሙሉ ከኩሬዎቹ አይርቅም።

ከሁሉ የቆየው ምዕራፍ 74,000 ዓመት ይሆነዋል። በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ በመተማ ቆላ፣ ሰዎች ሰፍረው ነበር። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ኢትዮጵያውያን ያሉበት ቡድኑ ሰፈሩን ቆፍሮ ያገኘውን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተመ። በአፈሩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የብርጭቆ ብናኞች ተገኙ። የመጡት ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት፣ ቶባ ከተባለው እሳተ ገሞራ ነበር! በዚያን ጊዜ አገሩ ይበልጥ ደረቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። የአጥንቱ ክምር እንደሚያሳየው ከፍንዳታው በኋላ ከበፊቱ የበለጠ ዓሣ መብላት ጀመሩ። ወንዙ ሲቆራረጥ ዓሣው ኩሬ ውስጥ ይታጎራል፤ የታጎረ ዓሣ ደግሞ ለመያዝ ቀላል ነው። ድርቁ ራሱ ምግባቸውን አቀረበላቸው ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሺህ ዓመት እንዝለል። በ1861 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ፍሎረንስ ጋር አትባራን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ወሩ ሰኔ ነው። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ዓሣ፣ ኤሊ፣ ትልልቅ አዞና ጉማሬ አንድ ላይ ተጨናንቀው አየ። በ23 ሌሊት ከሩቅ የነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ሰዎች «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። ሲነጋ፣ ትናንት በእግር ይሻገሩት የነበረው አሸዋ 450 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ወንዝ ሆኖ አገኘው። እሱ ባለበት ቦታ ጠብታ ዝናብ አልዘነበም። ደራሹ ውሃ የመጣው ከእኛ ተራሮች ነው። ቤከርም ግብፅን የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ የሚወርድ መሆኑን ከዚህ ተነስቶ ጻፈ።

በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት በሰቲትና በአንገረብ ዞሮ መተማ ደረሰ። መጽሐፉ በ1867 ወጣ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አቡ ዶ የተባለ አዛውንት ነው። ከሐምራን ጎሣ የተወለደ፣ ዕድሜው 70 ያለፈ ጉማሬ አዳኝ። ገመድና ተንሳፋፊ እንጨት የታሰረበትን ጦር ይዞ፣ አዞ ባለበት ውሃ ውስጥ እየዋኘ ጉማሬው ድረስ ይጠጋል። ቤከር ራሱ ደግሞ ከዳር ሆኖ በጠመንጃ ይተኩስ ነበር፤ ብዙም ገደለ። ስታነቡት ሁለቱ አንድ ዓይነት አደን እንዳልሆኑ ይገባችኋል።

የአቡ ዶም ሆነ የቤከር ጉማሬ በዚያን ጊዜ የዶልፊን ዘመድ ተብሎ አይታወቅም ነበር። ግሪኮች «የወንዝ ፈረስ» ብለውታል። ሊቃውንት ጥርሱን አይተው ከአሳማ ጋር መደቡት፤ ይህ ምደባ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቆየ። ጣና ዳር ያሉት ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ሲንቋቸው ኖረዋል። የቀረው ሕዝብ ጉማሬን በይበልጥ የሚያውቀው በአለንጋው ነው፤ የጉማሬ አለንጋ የቀመሰ ሽማግሌ ቢኖር ይነግራችኋል።

ታዲያ ዝምድናው እንዴት ታወቀ? በኩረጃ ልንመስለው እንችላለን። ሁለት ተማሪዎች በፈተና ላይ አንድ ቃል፣ በአንድ ዓይነት ስህተት፣ በዚያው መስመር ላይ ቢጽፉ መምህሩ ምን ይላል? ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል ይላል። በዲኤንኤ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ። አንዳንድ ቁራጮች ራሳቸውን ቀድተው ሌላ ቦታ ይሰካሉ፤ አንዴ ከተሰኩ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. ማሳዩኪ ኒካይዶ፣ ኖሪሂሮ ኦካዳና ጓደኞቻቸው በጃፓን ሲመረምሩ፣ በጉማሬና በዓሣ ነባሪዎች ዲኤንኤ ላይ በዚያው ቦታ የተሰኩ ቁራጮች አገኙ። አሳማ ላይ የሉም። ግመል ላይም የሉም።

አጥንት ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላቸውም ነበር። በ2001 ግን ከፓኪስታን የተገኙ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች ቁርጭምጭሚት ይፋ ሆነ። በበዓል በግ ሲታረድ የኋላ እግሩን ቁርጭምጭሚት አንሱና እዩት፤ ከላይም ከታችም እንደ ገመድ መዘውር የተቦረቦረ ነው። የዓሣ ነባሪዎቹም እንደዚያው ነበር። እግር የነበረው ዓሣ ነባሪ!

ዘመዶቹ የተለያዩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ከጉማሬ ወገን አንዱ በ2015 ከኬንያ፣ ከቱርካና ሐይቅ አካባቢ ይፋ ሆኗል፤ 28 ሚሊዮን ዓመት የሆነው፣ በግ የሚያክል እንስሳ ነው። ከዚያ ጋር በሚቀራረብ ዘመን፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ወደ መተማ ሲኬድ በምትገኘው ጭልጋ የዝሆን ቅድመ አያቶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለ ባለ ትልልቅ ቀንድ አውሬ ይኖሩ ነበር። አንዱ የዝሆን ዘመድ ጭልጋቴሪየም ተብሎ በቦታው ስም ተሰይሟል።

ጉማሬ ዛሬም ልጁን ውሃ ውስጥ ያጠባል፣ አፍንጫውን ዘግቶ ይጠልቃል፣ ድምፁንም ከውሃ በላይና በታች በአንድ ጊዜ ያሰማል። ዶልፊን ዶልፊን ይሸታል አይደል? ግን ቸኩላችሁ እንዳትፈርዱ። በ2021 የታተመ የቆዳና የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ሁለቱ ውሃን የለመዱት ለየብቻቸው ነው፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ ወንዝ።

ወንዙ ደግሞ እንደ ባሕር ሰፊ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ጉማሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ጠፍቷል። በ1989 የዝሆን ጥርስ ንግድ ሲታገድ ብዙ ነጋዴ ፊቱን ወደ ጉማሬ ጥርስ አዞረ። ከ2006 ጀምሮ ጉማሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተጽፏል። በእኛ ቆላ ደግሞ ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበት መሬት ሲሰፋ፣ የወንዝ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከብቱ ሲበዛ፣ ሁሉም የሚመጣው ወደዚያው ወደ ግንቦት ኩሬ ነው። ኩሬው ከደረቀ ጉማሬ መሄጃ የለውም። ቆዳው ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ሣር የሚግጠው ሌሊት ነው።

ቤከር ጉማሬ ያየባቸውን ቦታዎች በመጽሐፉ ጽፏል። ሳንጃ፣ ሽንፋ ወይም መተማ ያላችሁ ልጆች፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልን፤ ጉማሬ በየትኛው ኩሬ ያዩ ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት? የኩሬውን ስም፣ ዓመቱንና የሚነግሯችሁን ሁሉ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ኩሬው ድረስ ከሄዳችሁ ግን ከትልቅ ሰው ጋር፣ በቀን፣ ከሩቅ ይሁን።